በደብተሩ ላይ የተጻፈው ስም

አያቴ በሳጥኗ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልላ የምታኖረው ደብተር አላት። የእርሻ መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ፎቶዋ ተለጥፎበታል፤ ስሟ ከነአባቷ ስም ተጽፎበታል፤ ማሳዎቿም ከነአዋሳኞቻቸው ተዘርዝረውበታል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቢሆንም ስሟ ያረፈበትን መስመር ፈልጋ አታጣውም። ልጅ ሳለሁ ደብተሩን ገልጣ «ይቺ እኔ ነኝ» ትለኝ ነበር። ፎቶውን የምታሳየኝ ይመስለኝ ነበር፤ ጣቷ ግን ያረፈው ስሟ ላይ ነበር።

ስለ መሬት፣ ስለ ነፃነትና ስለ ወገን ልዩነት ታሪክ ማገላበጥ ስጀምር ያ ጣት ደጋግሞ ትዝ አለኝ። የአንድ ሰው ስም ብቻውን ተጽፎ፣ ከስሙ ፊት ለፊት «ይህ የእርሱ ነው» መባሉ ቀላል ነገር ይመስለናል። በአገራችን ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው መሬት ሲጠይቅ የሚጠየቀው «ስምህ ማን ነው?» ተብሎ ሳይሆን «የማን ወገን ነህ?» ተብሎ ነበር።

ወረታን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው እዚህ ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ርብና ጉማራ ከጉና በኩል ወርደው በክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ደለላቸውን ጥለውለት ወደ ጣና ይገባሉ። የቀድሞ ሰው ይህን ጥቁር መሬት የሚያውቀው በፎገራ ከብት ግጦሽና ውኃው ሲሸሽ በሚዘራው ጓያ ነበር። ከደርግ ዘመን ወዲህ ሩዝ ገባበትና ያ ረግረግ ወርቅ ሆነ። መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ የድሮው ጥያቄም አብሮ ከረረ፦ ይህ መሬት የማን ነው?

ርስትና ርስት የለሾች

በቀድሞው በጌምድር የመሬት ሥሪት መሠረቱ ርስት ነበር። ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት እቆጠራለሁ የሚል ሁሉ ድርሻ የሚጠይቅበት መብት ነው። በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። ከርስቱ በላይ ደግሞ ጉልት አለ፤ ንጉሡ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክህነት የሚሰጠው ግብር የመብላት መብት ነው። ባለ ጉልቱ ሊሻር ይችላል፤ ባለ ርስቱ ግን ከመሬቱ አይነቀልም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ስለዚህ ነው።

ይህን ሥሪት ዝም ብለን አናቃልለው። ድሃው ገበሬ በአንድ ክፉ ዓመት ተበድሮ መሬቱን ለባለጠጋ አስረክቦ እንዳይቀር ጠብቆታል። ጭሰኛው ሲሶ ወይም እኩል እያስረከበ ይኖርበት ከነበረው ከደቡቡ አገር ጋር ሲነጻጸር፣ የጎንደርና የጎጃም ባለ ርስት ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ የሸፈተው ግብሩን ጠልቶ ብቻ አልነበረም። ቀያሽ ገመድ ይዞ ሲመጣበት ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ነው።

ነገር ግን ርስት በር ነበረው፤ በሩም ለሁሉ አልተከፈተም። በኋላ ዘመን የተጻፈ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረገ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አልባ እንዲሆን አዘዘ። «ፈላሻ» የሚለውም ስም ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ ፈላሲ፣ አገር የሌለው ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ መሬቱን ከነጠቁት በኋላ «መሬት የለሽ» ብለው ስም አወጡለት።

መሬት የተከለከለ ሰው በእጁ ሥራ መኖር አለበት። ስለዚህ ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ሸማ ሸምነው፣ የሰው መሬት በእኩል አርሰው ኖሩ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምጣዱንና ጋኑን የሚሠሩት እነርሱ ነበሩ። ባለ ርስቱ ያለ እነርሱ ማረስም መጋገርም አይችልም። ሆኖም ቀን ማረሻውን የተቀበላቸውን ሰዎች ማታ «ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ» ይላቸው ነበር። የሙስሊሙም ዕጣ በብዙ ቦታ እንዲሁ ነበር። ርስት ስለተከለከለ ወደ ንግድና ወደ ሽመና ገባ፤ ከዚያም «ሰማይ አምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» ተብሎ ተተረተበት። በጣና ዳር የሚኖሩት፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትና ጉማሬ ያድኑ የነበሩት ነገደ ወይጦዎችም የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ከማዕድም ከርስትም ተገለሉ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በብዙ አገሮች አይሁድ መሬት እንዳይዙ ተከለከሉ፤ ወደ ንግድና ወደ ገንዘብ ማበደር ተገፉ፤ ቀጥሎም «አራጣ በሊታ» ተብለው ተጠሉ። መንገዱ አንድ ነው። አስቀድሞ በወገኑ ምክንያት ይከለክሉታል፤ ከዚያ ክልከላው ያስያዘውን ሥራ የባሕርዩ ነውር አድርገው ይቆጥሩበታል።

እምነትን በአዋጅ

በዚሁ በጣና ዙሪያ ሌላም ትምህርት አለ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል በአዋጅ ባስገደዱ ጊዜ አገሩ በደም ታጠበ። አባት ከልጁ ተዋጋ። በመጨረሻ፣ በ1624 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1632)፣ ንጉሡ አዋጁን ሽረው ሕዝቡ ወደ አባቶቹ እምነት እንዲመለስ ፈቀዱና ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሰይፍ ልብን እንደማያሳምን ያወቁት እጅግ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

አሳዛኙ ነገር፣ ተገድዶ የነበረው ወገን ነፃ ሲወጣ ለሌላው ነፃነትን አላሰበም። በ1660 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1668) በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ካቶሊኮቹ «ፍራንጆች» ከአገር እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሠፈር እንዲኖሩ ወሰነ። የሕንፃ ሥራ የሚያውቁት እጆች ለከተማዋ ይፈለጋሉ፤ ባለ እጆቹ ግን ከከተማዋ ዳር እንዲቀመጡ ተደረገ።

ለእኛ ለወንጌል አማኞች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በጎንደር ዙሪያ የወንጌል መልእክተኞች ሲያስተምሩ ቃሉን ከሰሙት መካከል እነዚሁ ርስት የለሽ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ከወረታ ሽቅብ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በጋፋት ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚሲዮን ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩ ነበር። ብረት ቀጥቃጭ በሚናቅበት አገር ንጉሡ የብረት ሥራን ከዙፋናቸው አጠገብ አኖሩት።

ንቀቱ ግን በዚያ አልቆመም። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። የአዋጁ ሐሳብ ባጭሩ፦ ሁላችንም የአዳምና የሔዋን ልጆች ነን፤ ቀጥቃጩን «ጠይብ» እያላችሁ ከሰደባችሁ ሥራ የሚሠራ ይጠፋል፤ አገርም ባዶ ይቀራል የሚል ነበር። መልካም አዋጅ ነው። ሆኖም ስድቡን ከለከለ እንጂ መሬቱን አልመለሰም። ሰውን አክብሩ እያሉ መብቱን መያዝ ግማሽ ጽድቅ ነው።

የ1967ቱ ደስታና ያስከተለው

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ወጡ። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ በዚያችው ከተማ ሙስሊም ኢትዮጵያውያን የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ታላቅ ሰልፍ አደረጉ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ መሬት የመያዝ መብት ነበር። ብዙ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ተሰለፉ። ይህን ቀን አትርሱት። የራሱ ርስት ያልተነካበት ሰው ለጎረቤቱ ርስት የተሰለፈበት ቀን ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በራሱ ጉልበት ሊያርስ የፈቀደ ሰው ሁሉ፣ ጾታ ሳይለይ፣ መሬት እንዲያገኝ ተባለ። ጭሰኝነት ቀረ። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በእኛም አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ሠሪው፣ ሙስሊሙ፣ ቤተ እስራኤሉ «የማን ወገን ነህ?» ሳይባል መሬት የሚጠይቅበት ሕግ ተገኘ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ያደረገውን መንግሥት ባንወድም እውነቱን እንመስክር።

ነገር ግን ያ አዋጅ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላ እጁ ያዘው። መሬት መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት፣ በዋስትና ማስያዝ ተከለከለ። ገበሬው ከባላባት ነፃ ወጥቶ በሊቀ መንበሩ እጅ ወደቀ። ቀጥሎ የአምራቾች ኅብረት ሥራ መጣ፤ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ ኮታ ማስገባት ግዴታ ሆነ፤ መንደር ምሥረታም ታከለበት። መሬቱ የእኔ ነው ያለ ሰው በላዩ ላይ ያበቀለውን እህል የት እንደሚሸጥ መወሰን አልቻለም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ባወጁ ጊዜ ገበሬው የጋራ እርሻውን ለመበተን ሁለተኛ ትእዛዝ አልጠበቀም።

ንብረትና ነፃነት ምን ያህል እንደተያያዙ የእኛ አብያተ ክርስቲያናት በዚያው ዘመን አይተዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በቀጣዮቹ ዓመታት ብዙ የወንጌል አማኞች ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ ሕንፃዎችም ተወሰዱ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የቀሩት አማኞች የት ተሰበሰቡ? በአንዲት እናት ሳሎን፣ በአንድ ወንድም ጓዳ፣ መጋረጃ ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በሯን ልትከፍትም ልትዘጋም የምትችል፣ «ቤቴ ነው» የምትል ሴት ባትኖር ኖሮ ኅብረቱ ወዴት ይሄድ ነበር? የግል ደጃፍ ለነፃነት የመጨረሻው አጥር ነው።

ቢሮክራሲ የተባለው ሰው

ደርግ ወደቀ፤ የመለያው ልማድ ግን አልወደቀም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። ገበሬው በወገን ተከፈለ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበረው «ቢሮክራሲ»፣ ከዚያ በፊት ደኅና የነበረው «የፊውዳል ርዝራዥ» ተባለ። የእነዚህ ይዞታ ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ፤ ሌላው ገበሬ ግን እስከ 3 ሄክታር መያዝ ይችል ነበር።

በቤተሰባችን ይህ ሽግሽግ በአንድ ቀን ደስታና ለቅሶ ሆኖ ገባ። አያቴ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ በሽግሽጉ በራሷ ስም መሬት ደረሳት። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ በደርግ ጊዜ ፊደል በመቁጠሩ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ተደርጎ ስለነበር «ቢሮክራሲ» ተብሎ መሬቱ ተቆረሰ። በግሉ ምን በደል አደረሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጸሐፊ መሆኑ በቃ። የሚያስከፋው ደግሞ ስሙ ከመሬቱ አልፎ ወደ ልጆቹ መሻገሩ ነው፤ እርሱ ጸሐፊ በነበረበት ዘመን ያልተወለዱት ልጆች «የቢሮክራሲ ልጆች» ተባሉ። አያቴ ስለ ራሷ መሬት ስታወራ ፊቷ ይበራል፤ ስለ ወንድሟ ስትጠየቅ ግን «ተወው ልጄ» ብላ ጥጧን ትፈትላለች።

ይህን የምናገረው ዛሬ ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በሽግሽጉ ብዙ ባል የሌላቸው ሴቶች መሬት አግኝተዋል፤ አያቴ ምስክር ናት። ግን ድሃን ለመርዳት ሌላውን በስሙ ሳይሆን በቅጽሉ መቅጣት ያስፈልግ ነበርን? በደል ካለ በዳዩ ስሙ ተጠርቶ፣ ማስረጃ ቀርቦበት፣ የራሱን ቃል ሰጥቶ ይፈረድበት። ወገን ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ አያውቅም፤ ስለዚህ ወገን ሲከሰስ መከላከያ የለውም።

የአሁኑ ሕገ መንግሥት ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን በአንቀጽ 25 ይናገራል። በአንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ፣ የብሔር ብሔረሰቦች የጋራ ንብረት መሆኑን፣ እንደማይሸጥም ይደነግጋል፤ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረት ግን ሙሉ መብት ይሰጠዋል። መሬት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ በሚለው ላይ አስተዋይ ሰዎች ይለያያሉ። አይሸጥ የሚሉት ድሃው በአንድ ድርቅ ተነቅሎ ከተማ ላይ እንዳይበተን ይሰጋሉ። ይሸጥ የሚሉት የማይሸጡት ነገር ሙሉ በሙሉ የራስ አይደለም ይላሉ። ክርክሩን እዚህ አልፈታውም። ሁለቱም ወገኖች ሊክዱት የማይገባ አንድ ነገር ግን አለ። በአገራችን ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት ካረሰው ማሳ «አንተ መጤ ነህ» ተብሎ ተነቅሏል! ያ ሰው ማንነቱን ያወቀው የለም፤ ወገኑን ብቻ ነው ያወቁት። ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን ወዲህ ቃሉ ተለወጠ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም።

ስማቸው የተጻፈ አምስት እህቶች

መጽሐፍ ቅዱሳችን ስለ መሬት ሲናገር የሰውን ስም አይደብቅም። በዘኍልቍ 27 የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት ይጠይቃሉ። ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካ፣ ቲርጻ፤ ስማቸው አንድ በአንድ ተጽፏል። ሙሴም ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም ትክክል ተናገሩ ብሎ ፈረደላቸው። በሕዝቅኤል 47 ርስት ሲከፈል በመካከላቸው የተቀመጠው መጻተኛ ከእስራኤል ልጆች ጋር እኩል ዕጣ እንዲኖረው ታዘዘ።

ናቡቴንም አስታውሱ። አክዓብ ወይኑን ተመኘ፤ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ንጉሥ ቢሆንም በቀጥታ ሊወስድበት አልቻለም። ኤልዛቤል ያገኘችው መንገድ ስም መለጠፍ ነበር፤ ሐሰተኛ ምስክሮች አቁማ «ተሳዳቢ» አሰኘችው። ስሙ ሲጠፋ መሬቱም ሕይወቱም ጠፋ። እግዚአብሔር ግን ኤልያስን ልኮ የወይኑን ባለቤት ናቡቴን በስሙ ጠራው።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ታሪክ በእኛ ኅብረት ውስጥ የት አለ? ብዙዎቻችን መሬት የለንም። ወላጆቻችን ያላቸውን ጥቂት ጥማድ ለአምስትና ለስድስት ተካፍለን አንበላውም፤ ሽግሽጉም ከእኛ በፊት አልፏል። መሬት ያጣ ወጣት «መሬትህን የያዘብህ ያ ወገን ነው» ለሚለው ሰው ጆሮው ቅርብ ነው። ይህን ስትሰሙ የአያቴን ወንድም አስቡ፤ የሰው ስም ሳይጠራ የሚሰጥ ፍርድ በመጨረሻ የማንም ደጃፍ ይደርሳል።

ወደ ራሳችንም እንመልከት። የሸክላ ሠሪ ልጅ ከመዘምራን መካከል ቆማ ስትዘምር «አሜን» እንላለን። ያቺው ልጅ ለወንድማችን ለትዳር ስትታጭ ግን «ዘሯ ምንድን ነው?» የሚል ሹክሹክታ በቤታችን ውስጥ አልሰማንም? በጌታ ማዕድ አንድ እንጀራ ቆርሰን፣ እንጀራው የተጋገረበትን ምጣድ የሠራችውን እጅ የምንሸሽ ከሆነ፣ የ1660ውን የጎንደር ጉባኤ ለመውቀስ አፍ የለንም።

አያቴ አሁን አርጅታለች። ማሳዋን በእኩል የሚያርሰው ጎረቤቷ ሙስሊም ነው። በየመኸሩ ሩዙን አውድማ ላይ ይካፈላሉ። አንድ ቀን «አያቴ፣ እንዴት አመንሽው?» አልኳት። ጥያቄዬ ውስጥ ምን እንዳለ ገባት መሰለኝ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ስሙን ጠርታ፣ የአባቱን ስም ጨምራ፣ «እሱን ነው ያመንኩት» አለችኝ።